ያልሞቀ ዘይት

አባታችን ኤርሜስ ታናሽ ወንድሜን አቶስን የመታው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያቺ አንዲት ቀን ግን ለዕድሜ ልክ በቃችው። አቶስ ያኔ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። የጥር ወር ብርድ ነው። ለጎረቤት ልጅ ሊታይላት ብሎ ቀይዋን መኪና አስነሳና ዘይቷ ሳይሞቅ ቤንዚን ረግጦ አስጮኻት። አባባ ከጓሮ መጣ። በፀጉሩ ጎትቶ ከመቀመጫው አወጣውና ላሜራ የሚቀጠቅጥበት ጉቶ ላይ ወረወረው። ትከሻው ሲሰበር ድምፁን እኔም ሰማሁት።

«ቀዝቃዛ ሞተር የሚያስጮህ ሰው እናቱንም በጥፊ ይመታል» አለ አባባ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ለምሳ ቀረበ።

ጭካኔ ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ነው። ግን እኛ የመኪና አገር በሆነችው በጣሊያኗ ሞዴና ነው ያደግነው፤ ልጅ በአገሩ ሕግ ይቀጣል። የቀይዋን አካል አባባ ከዓለም ጦርነቱ በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት በገዛ እጁ ቀጥቅጦ ነው የሠራው። የገዛት ሀብታም በተራራ ውድድር ላይ ገደል ከተታትና ዳግመኛ ዓይኗን አላይም ብሎ ግቢያችን ውስጥ ጥሏት ሄደ። አባባ፣ እኔና አቶስ ሦስት ክረምት ሙሉ ስናቃናት ከረምን። አሁንም እጅህን በበሯ ውስጠኛ ገጽ ላይ ብታሳልፍ የመዶሻውን ምት አንድ በአንድ ታገኘዋለህ።

እሷን መንዳት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ዝም ብሎ መቆም። ሞተሩ ቀስ እያለ ይተነፍሳል፤ አባባ ሁለት ሲጋራ ያጨሳል፤ የዘይቱ ሙቀት መርፌ ከተኛበት ብድግ ይላል። ከዚያ ወደ ፓቩሎ ዳገት። ማርሹ እጅህ ውስጥ ቅቤ እንደሚቆርጥ ቢላ ይገባል፤ ወለሉ እግርህን ያሞቅሃል፤ ወንዝ ዳር ያሉ ሽማግሌዎች ድምፅህን ከሩቅ ለይተው ካርታቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። እኔ ሀብት የለኝም፤ ቆንጆም አይደለሁም። እሷ ውስጥ ስቀመጥ ግን በማንም አልቀናም። እውነቱ ይሄ ነው፣ አላፍርበትም።

አባባ ሲሞት ለሁለታችን እኩል አወረሰን። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ እኔ ጉቶው ጋ ቀረሁ፣ አቶስ ሚላኖ ገባ። በስድስተኛው ዓመት የድሮ መኪና የሚሰበስብ አንድ ስዊስ ገዢ አገኘ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ስልክ ደወለ።

«ነገ በምሳ ሰዓት በጭነት መኪና እመጣለሁ። ሊብሬዋን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።»

«አትሸጥም፣ አቶስ።»

«ግማሿ የኔ ናት።»

«ግማሿን ውሰዳ። የትኛውን ጎማ ልፍታልህ?»

«ቀልድ፣ ቀልድ። ነገ ብቻዬን አልመጣም።»

ባለቤቴ አርጂያ እሁድ እሁድ እህቷ ጋ ሄዳ ቶርቴሊኒ የሚባለውን ፓስታ ትጠቀልላለች፤ ያን እሁድም ትንሿን መኪናችንን ይዛ ወጣች። ምንም አልነገርኳት። ሊብሬዋን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩና የኮምጣጤ በርሜሎቻችን ወዳሉበት ጣሪያ ሥር ወጣሁ፤ መሰላሉንም ወደ ላይ ሳብኩ። ያለ ሊብሬ ስዊሱ እንደማይገዛት አውቃለሁ። እስኪሰለቻቸው መቆየት ብቻ ነበር ሥራዬ።

ጉሙ ከባድ ስለነበር የጭነት መኪናዋን በድምፅ እንጂ በዓይን አላየኋትም። ሦስት ነበሩ፤ አቶስና ሁለት ከሚላኖ ያመጣቸው ግንዳግንድ ሰዎች። ቀይዋ የቆመችበትን መጋዘን ቁልፍ በብረት ሰበሩ። ከዚያ ቤት ገቡ። ሳህን ሲሰበር ሰማሁ፤ ቁም ሣጥን ሲገለበጥ ሰማሁ። ስልኩን ከግድግዳው ነቅለው በመስኮት ወደ ግቢው ወረወሩት።

«ሌያርኮ!» አለ አቶስ ግቢው መሃል ቆሞ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። አንተ ሞኙ፣ በእጅህ ደግሞ ወረቀቱ። ውረድ!»

አልወረድኩም። አንደኛው ሰውዬ የእናቴን ፎቶ በጫማው ሲረግጥ በጣውላው ስንጥቅ አየሁት። እሱንም ቻልኩት።

አቶስ ግን ያውቀኛል። ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና ወደ መጋዘኑ ገባ። የበሯን መከፈት ሰማሁ። ሞተሩ ሳል አለ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ተነሣ። ከዚያ ረገጠው።

ቀዝቃዛ ብረት በቀዝቃዛ ብረት ላይ ሲፋጭ ሞተሩን ከውስጥ ይበላዋል። ምሰሶውን አቀፍኩ፤ እጅጌዬን ነከስኩ። ደግሞ ረገጠው። «ይሰማሃል?» እያለ ይጮሃል፣ «ትከሻዬም እንዲህ ነበር የጮኸው!» ሦስተኛው ላይ መሰላሉን መጣሌን አላስታውስም። የአባባን ክብ ራስ መዶሻ ከግድግዳ ላይ አንስቼ መጋዘኑ በር ላይ ቆሜ «ዘይቱ አልሞቀም፣ አንተ ከብት!» ስል ራሴን አገኘሁት። በደህና ተደብቆ የነበረ ሰው፣ ሦስት ለአንድ፣ በዘይት ምክንያት ወጣ። እንደኛ ያለ ቂል የትም አይገኝም።

የመጀመሪያው ሰውዬ በብረቱ ጎኔን መታኝ፤ ሁለት የጎን አጥንቴ ተሰበረ። ሁለተኛው አፌን በቡጢ አለኝ፤ ሁለት ጥርስ ተፋሁ። በመዶሻው ጉልበቱን ስለው እንደ ጥጃ ጮኸ። ወደ በሯ ደረስኩ። አቶስ እግሩን ከቤንዚኑ አላነሳም፤ እያየኝ፣ እየሳቀ፣ እያስጮኻት። አንገቱን ያዝኩ። እሱ ሸሚዜን ቀደደና ሊብሬዋን ጨበጠ። ግንባሬን በግንባሩ መታው፤ እኔም መልሼ መታሁት፤ ደማችን ተቀላቀለ። «አባባ ሞቷል!» አለኝ ፊቴ ላይ፣ «ሞቷል! ማንም አይመታኝም!»

መታሁት። በመዶሻው፣ ዓይኑ ላይ።

እግሩ ከቤንዚኑ ተንሸራተተ፤ ሞተሩ ጠፋ። አንድ እጁ ሊብሬዋን እንደያዘ መቀመጫው ላይ ተዘረጋ፤ ደሙ በጆሮው ዞሮ ቆዳው ላይ ፈሰሰ። ከሚላኖ የመጡት ተያዩ። «እኛ ለመኪና እንጂ ለሬሳ አልመጣንም» አለ የሚያነክሰው። በጭነት መኪናዋ ጉሙ ውስጥ ገብተው ሄዱ።

እኔ፣ ወንድሜና ዝምታው ቀረን። ስልኩ ጭቃ ላይ ነው። ትንሿ መኪና የለችም። የቅርብ ጎረቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ይሆናል። የአቶስ ደረት ከፍ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ከፍ ይላል። ወደ ጎን ገፋሁትና መሪው ላይ ተቀመጥኩ። የዘይቱ መርፌ ከተኛበት ንቅንቅ አላለም።

አስነሳሁ። ረገጥኩ።

እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሦስተኛ ማርሽ፤ ከዚያ አራተኛ። ጉሙ ውስጥ የማየው የራሴን ኮፈን ብቻ ነበር። በእያንዳንዱ መታጠፊያ የተሰበረው ጎኔ ሳንባዬን ይወጋኛል። አቶስ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

«ዘይቱ…»

«ዝም በል።»

«አልሞቀም፣ ሌያርኮ። ቀስ በል።» ደም አነቀውና ሳለ። «አባባ ይገድልሃል።»

«ዝም በል አልኩህ» አልኩና እስከ መጨረሻው ረገጥኩት።

ድልድዩ ላይ ከሥር አንድ ነገር ማንኳኳት ጀመረ። ያንን ማንኳኳት የሚያውቅ ሰው ወዲያውኑ ሞተሩን ያጠፋል፤ ልጅም ቢሆን ያጠፋል። እኔ አላጠፋሁም። የዘይት ግፊት መርፌው ወደ ዜሮ ወረደ። ማንኳኳቱ መዶሻ ሆነ፣ አባባ ውስጥ ሆኖ የሚመታ መሰለኝ። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ረገጥኩ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቢዬላው፣ ፒስተኑን የያዘው ዘንግ፣ የሞተሩን ጎን ሰብሮ ወጣና ዘይቷ በሙሉ ድንጋዩ ላይ ፈሰሰ። አቶስን ተሸክሜ በዘይቱ ላይ እየተንሸራተትኩ ገባሁ።

«ሩብ ሰዓት ብትዘገይ ኖሮ» አለኝ ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በኋላ፣ «የምናክመው ሰው አይኖርም ነበር።»

ሩብ ሰዓት። አባባ ሁለት ሲጋራ የሚያጨስባት።

በማግሥቱ የካራቢኒየሪ ፖሊሶች አለቃ፣ ማሬሻሎው፣ መጣ። አቶስ ከኮምጣጤው መሰላል ወደቅሁ አለው። ማሬሻሎው ፋሻውን ቆይቶ አየና የኔን አፍ አየ። «መሰላላችሁ ክብ ራስ አለው ማለት ነው» አለ። ደብተሩን ዘግቶ ሄደ።

ለአቶስ ስለ ዓይኑ የነገርኩት እኔ ነኝ። ቀኙ እንደማይመለስ ስነግረው ጣሪያውን እያየ «እሺ» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«መኪናዋስ?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። «ቢዬላው ወጣ» አልኩት። «የሞተሩ ብሎክ ተሰብሯል።»

«ቀዝቃዛዋን ረገጥካት?»

«ረገጥኳት።»

ስለ ዓይኑ ያላለቀሰው ሰው በቀረችው ዓይኑ አለቀሰ። እጄን ፈልጎ ያዘ፤ ጎኔን እያመመኝ አልጋው ጫፍ ላይ እስኪመሽ ተቀመጥኩ።