የመጨረሻዋ የጉበት ትል

የጉበት ትል ነርቭ ስፈልግ አራት ዓመቴ፤ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ቅጠል የመሰለች ጠፍጣፋ ፍጡር ናት። ከአፏ አጠገብ ሁለት የነርቭ ቋጠሮዎች አሏት፤ ከእነሱ ረጃጅም ነርቮች ወደ ጭራዋ ይወርዱና በየመሃሉ አግድም እየተያያዙ መሰላል ይሠራሉ። ይህ መሰላል ሳይበጠስ ከላይ እስከ ታች የሚታይበት አንድ ስላይድ ለፕሮፌሰሩ ካላሳየሁ ከትምህርቴ እሰናበታለሁ። ቀነ ገደቡ ደግሞ ዛሬ ነው።

ትሏ በሕይወት እያለች በሁለት መስታወት መሃል ተጨምቃ በክር ትታሰራለች፤ ከዚያ ቀለም ትነከራለች። በእኛ ላቦራቶሪ ይህን የሚሠራው አንጋፋው ቴክኒሻን ጋሼ ነው። ከራሱ ልጅ ለይቶ አያየኝም። ጡረታው ሊደርስ አንድ ዓመት ሲቀረው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረና ሁለት ትል አበላሸ። ፕሮፌሰሩ ሁላችን ፊት፣ ሦስተኛ ከተበላሸ ወደ ቤትህ አለው።

የቀረችን አንዲት ትል ብቻ ነበረች። ጋሼ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተታትና፣ ተኮማትራ ከተጨመቀች ነርቯ ይበጠሳል፣ ሰውነቷ እስኪፍታታ እንጠብቅ አለኝ። ጠበቅን። እሷ እቴ! ትዘረጋለች፣ መልሳ ትኮማተራለች፣ ደግሞ ትዘረጋለች። አንጀቴ አረረ። ትል እንኳ ትቀልድብኝ? ጋሼ ለምሳ ብቅ ሲል አወጣኋትና ራሴ ጭምቅ አድርጌ አሰርኳት።

ከሰዓት በኋላ ቀለሙ ያዘላት። በማይክሮስኮፕ ሳያት መሰላሉ ከአናቷ ጀምሮ ወለል ብሎ ይታያል፤ ወገቧ ላይ ሲደርስ ብጥስጥሱ ወጥቷል። ራሴን በጥፊ ባጠናግረው ደስ ባለኝ። ጋሼም ጎንበስ ብሎ አየ፣ ክሩን ነካ አደረገ፣ ቀና ብሎ አየኝ። የእሱ አስተሳሰር አለመሆኑ ገብቶታል።

ፕሮፌሰሩ ገብቶ ማይክሮስኮፑ ላይ ብዙ ቆየ።

«ማን ነው ያሰራት?»

እኔ ነኝ ልል ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ልል ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሼ። «እጄ አስቸገረኝ።»

ፕሮፌሰሩ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ነገ እንዲያስረክብ ነገረው። ወደ እኔ ዞሮም፣ ጥፋቱ ያንቺ ስላልሆነ አንድ ወር ጨምሬልሻለሁ አለኝ።

ጋሼ አጠገቤ ቆሞ ነጭ ጋዋኑን እየፈታ ነበር። አዝራሩ አልታዘዝ አለው።

«አመሰግናለሁ» አልኩ፣ ለፕሮፌሰሩ።