የጃታኒ ድርሻ

ከብት የምንመዝነው በዓይን ነው። እኛ አገር፣ ሊበን፣ ላም ስትታመም ሐኪም አንጠራም፤ መድኃኒቱን ከነገሌ ገዝተን ራሳችን እንወጋለን። ለጥጃ ትንሽ፣ ለበሬ ብዙ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ስለተማርኩና የጠርሙስ ጽሑፍ ስለማነብ፣ የመንደሩን ከብት የምወጋው እኔ ነበርኩ። እጄ አይንቀጠቀጥም። የሚንቀጠቀጠው ሰው ፊት ስናገር ድምፄ ነው።

ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሜ ጃታኒ በሬ የሚያክሉ ሰው ናቸው። ትኩሳትና የወገብ ሕመም ሲጥላቸው በጭነት መኪና አምጥቼ ሆስፒታል አስተኛኋቸው። አጠገባቸው የተኛው ጉራቻ በሬ ወግቶት ሆዱ የተሰፋ ነጋዴ ነበር። ለሁለቱም የታዘዘው መርፌ አንድ ነው፤ ጄንታማይሲን። ጉራቻ በቀን ሦስት ጊዜ ይወጋል። ጃታኒ በሁለት ቀን አንዴ።

«አካም ጃታኒ!» አለ ጉራቻ በሦስተኛው ቀን። «እኔ ፍየል የማክለው ሦስት እወጋለሁ። አንተ ይህን ሁሉ ሥጋ ተሸክመህ አንዷን ትጠብቃለህ። ድርሻህን ማን በላው?»

ክፍሉ ሳቀ። ጃታኒ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋቅጋሪ፣ ሂድና ጠይቅ። ትምህርት ቤት ያስገባሁህ ለዚህ አይደለም እንዴ?»

ነርሷን ሲስተር ኮከብን ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ትሪ ይዛ ትጣደፋለች።

«ሲስተር... የወንድሜ መርፌ... ለምን አነሰ?»

«ኩላሊታቸው ደክሟል። ለዚህ ነው መጠኑ የተቀነሰው። ገባህ?»

አልገባኝም። የደከመ ሰው መድኃኒት ይጨመርለታል እንጂ እንዴት ይቀነስበታል? ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ሴቶች አዩኝ።

«ገባኝ» አልኩ።

ለጃታኒ የነገርኳቸው «ደክመዋል ትላለች» ብዬ ብቻ ነው።

«የደከመን ነው እንዴ የሚያስርቡት?» አሉ። «ለበሬ የማትነፍገውን እኔን ትነፍገኛለህ?»

የመድኃኒቱን ስም ከካርዳቸው ላይ አንድም ፊደል ሳልስት ገለበጥኩ። ከሥሩ ያለውን የመጠኑን ቁጥር ተውኩት። መድኃኒት ሻጩ ፈሀድ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ።

«ይህ የሐኪም ጽሕፈት አይደለም፤ ይነበባል» አለኝ። ግን ሸጠልኝ።

ጠዋት ፀሐይ ይሙቁ ብዬ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ እወስዳቸውና ጭናቸውን እወጋለሁ። ከሰዓት በኋላም እደግማለሁ። ትኩሳቱ ለቀቃቸው። «እጅህ ይባረክ» አሉኝ፤ ከዚያ በፊት ብለውኝ አያውቁም። መውጋት በጀመርኩ በአምስተኛው ቀን ሲቆሙ እንደ ሰካራም ተንገዳገዱ። በሰባተኛው ሽንታቸው ቆመ፣ ፊታቸው አበጠ። ጉራቻ ሲያላግጥባቸው መልስ መስጠትም ተዉ። ትዕግሥት መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ሲስተር ኮከብ አንሶላ ስትቀይር ከፍራሹ ሥር የደበቅኳቸውን ባዶ ብልቃጦች አገኘች። መስኮቱ ላይ ደረደረቻቸው። አሥራ አራት ነበሩ።

«ማን ነው የወጋቸው?»

መርፌውን ከኪሴ አውጥቼ ከብልቃጦቹ ጎን አስቀመጥኩ። ሌላ መልስ አላስፈለጋትም።

«ኩላሊታቸው መድኃኒቱን ማስወጣት አይችልም፤ የገባው ሁሉ ውስጣቸው ይጠራቀማል። ጆሯቸውን ደፈነው። የቀረቻቸውን ኩላሊትም ገደላት። ደም የሚያጥብ ማሽን እዚህ የለም፣ ካለበት እስክናደርሳቸው ደግሞ አይቆዩም። ገባኝ ብለኸኝ ነበር እኮ!»

ጃታኒ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አዩ።

«ምን ታንሾካሹካላችሁ?» ብለው ጮኹ።

ጉራቻ ሳቀ። አብሮት የሳቀ ግን አልነበረም።

«ንገራቸው» አለችኝ። «ቋንቋቸውን የምትችል አንተ ነህ። ጮክ በል፣ አይሰሙም።»

አፌን ጆሯቸው ላይ አድርጌ ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። «ኤ?» አሉ። ደገምኩት። «ኤ?» አሉ። በሕይወቴ ሰው ፊት ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽኩ።

«መርፌው በዛ! ኩላሊትዎን ገደልኩት! እኔ ነኝ!»

የሌላ ክፍል አስታማሚዎች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ጃታኒ ከንፈሬን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና ፈገግ አሉ።

«ገባኝ፣ ገባኝ» አሉ። ብርድ ልብሱን ገልጠው ጭናቸውን አዘጋጁልኝ።