ለቤቲ ሲል የወጣው

«ቀስ በይ፣ ቀስ!» አለ ጋሽ ቢረሳው። ዮሐና ሻዩን ስታማስል ማንኪያው ብርጭቆውን እንዳይነካው በዓይኑ እየተከታተለ ነው።

ሻዩ ለሉጥፊያ ነው። ጎረቤታቸው ሉጥፊያ በጓሮ አጥር ተሻግራ ለቅሶ ልትደርስ መጥታለች። «አልበረካ ፊኩም» ብላ በሹክሹክታ በዓረብኛ እያጽናናች የዮሐናን እናት አበባን አቀፈቻት። አበባ አላለቀሰችም። ባሏ ጀምበሬ ከተገደለ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ሆሹ በሚሉት ግቢ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ሲቀብሩትም ማንም አልጮኸም። ታጣቂዎች የካላክላን ሰፈር ቤት ለቤት እየፈተሹ ነው፤ ይህ ግቢ ከውጭ ሲያዩት ባዶ መምሰል አለበት።

ሕጉን ያወጣው ጋሽ ቢረሳው ነበር። ሁለቱ ቤተሰቦች እዚህ ከተደበቁ ጀምሮ መስኮቶቹን በፍራሽ የደፈነው፣ ሁሉንም በካልሲ ያስኬደው፣ ሳል እንኳ ትራስ ውስጥ ይሁን ያለው እሱ ነው። ጀምበሬ ይስቅበት ነበር። «ቢረሳው፣ ጥይት ሳያገኝህ ፍርሃት ሊገድልህ ነው!» ይለውና ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ውኃ ፍለጋ ይወጣል። ዮሐና በአባቷ ትኮራ ነበር።

ጀምበሬ በተገደለበት ቀን ረፋድ ላይ የጋሽ ቢረሳውን ልጅ ቤቲን አስሟ አፈናት። የሚነፋው መድኃኒት አልቋል። ጋሽ ቢረሳው «ተኩሱ ትንሽ ይብረድ» እያለ ከልጁ እስከ በሩ ይመላለሳል። ጀምበሬ ጫማውን አጠለቀ።

«ከንፈሯ እየጠቆረ ምን እንጠብቃለን? ያላ፣ መጣሁ!»

ሲመለስ ከበሩ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረው መቱት። እየተሳበ ደረሰ። ጎትተው ሲያስገቡት መድኃኒቱን ጨብጦት ነበር። ቤቲ ተረፈች።

ሉጥፊያ እንደሄደች ዮሐና መቻል አቃታት።

«ጋሽ ቢረሳው፣ የእርስዎ ልጅ እኮ ናት። ለምን እርስዎ አልሄዱም?»

ቤቲ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ፈራሁ» አለ ጋሽ ቢረሳው። «ልሂድ ብዬ በሩ ጋ እየደረስኩ ተመለስኩ። አባትሽ አየኝ። ያን ጊዜ ግን አልሳቀብኝም። ጆሮዬ ሥር ‹አንተ አጠገቧ ሁን፣ እኔ እሮጣለሁ› አለኝ።»

ይህን ጊዜ አበባ ጮኸች።

«ጀምበሬዬ! የኔ ጌታ!»

ዮሐና ደንግጣ የእናቷን አፍ በእጇ ከደነች። ከመንገዱ የመኪና ድምፅ እየቀረበ ነው። ጋሽ ቢረሳው የልጅቱን እጅ ያዘና ከእናቷ አፍ ላይ አነሳው።

«ተያት። ሦስት ቀን አፈንኳት፤ ታልቅስለት።»

«ይሰሙናል እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ወጥቶ ጀርባውን ለብረቱ በር ሰጥቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። መኪናው ውጭ ቆመ። አንድ ሰው በዓረብኛ የሆነ ነገር ተናገረ። አበባ ባሏን በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። ማንም አላንኳኳም። ቆይቶ መኪናው ሞተሩን አጓርቶ ሄደ።

ጋሽ ቢረሳው ግን አልተነሳም። ሲንቀጠቀጥ የበሩ ቆርቆሮ አብሮት ይንቀጫቀጫል። ዮሐና ወጥታ ለትንሽ ጊዜ አየችው። ከዚያ ከጎኑ ተቀመጠችና እሷም ጀርባዋን ከበሩ አስደገፈች።