እግር ነው ወይስ ቱቦ

አለባቸው ቀኝ እግሩን ከጉልበቱ በታች ያጣው ሚሊሻ ሆኖ በዘመተበት በሰሜን ግንባር ነው። ፈንጂ በላው። ወደ አገሩ ወደ እስቴ ሲመለስ በሬዎቹም መሬቱም እንደነበሩ ጠበቁት፤ በሁለት ምርኩዝ የሚሄድ ሰው ግን እርፍ በምን ይጨብጣል? ሚስቱ ታንጉ በሰው እጅ ታሳርስ ጀመር። እሱ ደጅ ቁጭ ብሎ የሌላ ሰው ጅራፍ በገዛ በሬዎቹ ላይ ሲጮህ ይሰማል።

ያከመው ፈረንጅ ሐኪም አልረሳውም። ከሆስፒታል ሳይወጣ የደህናውን እግር ቁመትና የጉልበቱን ዙሪያ ለክቶ ይዞ ነበርና፣ አገሩ ሲመለስ ሰው ሠራሽ እግር አሠርቶ ላከለት። እግሩ አዲስ አበባ መድረሱን የእስቴ ከተማ መካነ ኢየሱስ ሆነው ሲሰሙ ታንጉ እልል አለች። ፍየል ሸጡና አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ጉምሩክ ሲደርሱ ዕቃው በሁለት ሣጥን ተከፍሎ ነው የጠበቃቸው። በአንዱ ከእንጨት የተሠራው መርገጫና ጉልበት የሚገባበት የቆዳ ማቀፊያ አለ። በሌላው ቅልጥሙ ነው፦ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ የብረት መጋጠሚያ፣ ብሎንና መፍቻ። ጓድ አንዳርጌ የሚባለው የቀረጥ ተማኝ ሁለቱንም ከፍቶ አየና የመጀመሪያውን ወደ ታንጉ ገፋላት።

«ይሄን ውሰዱ፤ ከቀረጥ ነፃ ነው። ያኛው ግን ብረታ ብረት ነው። ቀረጥ አለበት። የማስገቢያ ፈቃድም ያስፈልገዋል።»

«ጌታዬ፣ እሱም እኮ የባሌ እግር ነው።»

«ተገጣጥሞ ቢመጣ እግር ነበር። ተበታትኖ ከመጣ እያንዳንዱ በየምድቡ ነው የሚቀረጠው። ቱቦ በቱቦ፣ ብሎን በብሎን።»

«እንግዲያው አሁኑኑ እንግጠመው።»

«ቀረጡ ሳይከፈል ማንም አይነካውም።»

«ሳይነካ እንዴት ይገጠማል?»

«እሱን የላከላችሁን ጠይቁ» አለና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ለግለሰብ ብረት አናስገባም ተባሉ። ቀረጡን ለመክፈል ደግሞ በሬ መሸጥ ሊኖርባቸው ነው፤ በሬው ከተሸጠ እግሩ ምን ሊሠራለት? በየማለዳው እየተመለሱ ደጅ ጠኑ። ታንጉ ትለምናለች፤ አለባቸው ግንቡን ተደግፎ ዝም ይላል።

አንድ ቀን ጓድ አንዳርጌ ሣጥኑን እንደገና ከመጋዘን አስወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። ቱቦውን ብድግ አደረገና ለአንድ ነጋዴ እያሳየ ሳቀ።

«የውኃ ቧንቧ ላለመሆኑስ ምን ማረጋገጫ አለን?»

አለባቸው ምርኩዞቹን ወረወራቸው። በአንድ እግሩ እየዘለለ ሄዶ ቱቦውን ከተማኙ እጅ ነጠቀ፣ ሣጥኑንም ከጠረጴዛው ሳበ፤ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠና ሱሪውን ጠቀለለ። ታንጉ ያን ማቀፊያና መርገጫ ከነጠላዋ አውጥታ አቀበለችው። ብሎኖቹን በመፍቻው አጠበቀ፤ ጉልበቱ ላይ አሰረው፤ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ።

«ይኸው! ቧንቧህን እየው!» ብሎ ጮኸ። «ለዘመቻ ስትወስዱኝ እግሬ ምን ዓይነት ዕቃ ነው ያለኝ የለም! በየትኛው ምድብ ነው የሄደው? ቀረጡን ማን ከፈለኝ?»

ጓድ አንዳርጌ ፊቱ ቀልቶ የበሩን ዘብ ጠራ።

«ያልተቀረጠ ዕቃ ይዟል። ፍታበት!»

ዘቡ ጠመንጃውን አንግቶ ተጠጋ። እግሩን አየ፣ አለባቸውን አየ።

«ጓድ፣ እኔ ከሰው ላይ እግር አልፈታም» አለና ወደ በሩ ተመለሰ።

«ነውር ነው! ነውር!» አለች ከሰልፉ መሃል አንዲት ሴትዮ። ሌሎቹም ተቀበሏት። በጩኸቱ የበላዩ ሹም ከቢሮው ወጣ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በታሪፉ መሠረት የአሉሚኒየም ቱቦ ነው፣ ጓድ።»

«ሰውየው የቆመበት?»

ጓድ አንዳርጌ የታሪፉን መጽሐፍ ያገላብጥ ጀመር።

«እግር ብለህ መድበው» አለ ሹሙ፤ በሩንም ዘግቶ ገባ።

ይቅርታ ያላቸው የለም። እንዲያውም እግሩ ለተቀመጠበት የመጋዘን ኪራይ ክፈሉ ተብለው ከፍየሉ ሽያጭ የተረፈችውን ገንዘብ እዚያው ትተው ወጡ።

አለባቸው በዚያ ክረምት ራሱ አረሰ። መስከረም ሲጠባ ደሴ የሚባለው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቤቱ መጣ።

«ለአብዮቱ በዓል መድረክ ላይ ትወጣለህ። እግሩን ያገኘኸው በአብዮቱ መሆኑን ለሕዝቡ ትናገራለህ።»

«ይሄን እግር የሰጠኝ አንድ ፈረንጅ ነው፤ ያተረፈልኝ አንድ ዘብ። እነሱን አምጣና አመሰግናቸዋለሁ። አብዮቱማ ቧንቧ ነው ብሎኝ ነበር።»

«አለባቸው፣ ይሄ ንግግር ያስጠይቃል።»

«ይጠይቁኛ!»

ጠየቁት። በበዓሉ ማግስት ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አስጠርተው ሲያንጓጥጡት ዋሉ። ታንጉ ልትወስደው ስትሄድ ፊቱ በርበሬ መስሎ ወጣ። መንገዱን ሙሉ ድምፁን ሳይቀንስ የተባለውንና የመለሰውን ነገራት።

«ቀስ በል እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለችው።

«ይስማ!» አለ።