ጥቁር ሆኖ የወጣው ቀይ መስመር

የትምህርት ቤት ዳይሬክተር የሆነው የእህቴ ባል ሰው ፊት ያዋረደኝ ልጃቸው የተመረቀች ለት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ነው። ጎማ ነጋዴው ጎረቤታቸው ሥራዬን ጠየቀኝ። አፌን ሳልከፍት አማቼ ቀደመኝ።

"እሱማ ክሊኒክ ነው። የተማረ ይጽፋል፣ እሱ ይሸከማል" አለ።

ሶፋው ሙሉ ሳቀ። ጎማ ነጋዴው እስኪያስለው ሳቀ። ይሄን ሁሉ እችለው ነበር። እህቴ ግን አፏን በመዳፏ ከድና ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እሷ ትማር ተብሎ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁት እኔ ነኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሱስ አልረሳም፤ ለመርሳት መጀመሪያ መውጋቱን ማወቅ ነበረበት።

ድሮ ካርድ ክፍል ነበርኩ። አሁን ካርድ የለም፣ ሁሉም ኮምፒውተር ውስጥ ገብቷል። ከውጭ የሚመጣውን፣ የላቦራቶሪውን፣ የራጁን፣ የስፔሻሊስቱን ደብዳቤ ስካን የማደርገው እኔ ነኝ። ስካን የተደረገው ሁሉ መጀመሪያ አንድ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ከዚያ እያወጣሁ ከየበሽተኛው ፋይል ጋር ካላያያዝኩት ሐኪማችን ስክሪን ላይ አይታይም። ወረቀቱ ራሱ ካርቶን ውስጥ ተጥሎ እስኪቀደድ ተራውን ይጠብቃል።

ሰኞ ጠዋት ከልብ ሆስፒታል ፖስታ መጣ። ስከፍተው የአማቼ ስም ነው፤ እሱም እዚሁ እኛ ጋ ነው የሚታከመው። የገቢ ማህተም ከነቀኑ መታሁበት። ጽሑፉ የሐኪም ነው፣ አይገባኝም። ከታች ያለው ሰንጠረዥ ላይ ግን ሁለት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ማሽኑ ውስጥ ከተትኩት። እኛ ጋ፣ ፋይሉ ይከብዳል ተብሎ፣ ሁሉም ነገር በጥቁርና ነጭ ነው የሚነሳው። ቀዩ መስመር ጥቁር ሆኖ፣ ከሰንጠረዡ መስመር ጋር ተመሳስሎ ወጣ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ገባ። እዚያው ተውኩት።

አልደበቅኩትም። ሌላ ሰው አስቀደምኩበት እንጂ። ወደሱ ስደርስ የሆነ ሰው የሽንት ምርመራ አስቸኳይ ሆኖ ይታየኛል። ይጠብቅ፤ ዳይሬክተር አይደል፣ ሰልፍ ማስጠበቅ ያውቃል። ግን መቀመጫዬ እሾህ አበቀለ። እነሳለሁ፣ መስኮት እከፍታለሁ፣ መልሼ እዘጋለሁ፣ ጠጥቼ የማልጨርሰውን ውሃ እቀዳለሁ። ማጠራቀሚያውን በከፈትኩ ቁጥር ስሙ እዚያው ነው። የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ጉንዳን ላይ ነው እንዴ የተቀመጥከው ጋሼ ብላ ቀለደችብኝ።

ማክሰኞ እህቴ ደወለች። ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ እንደሚቆም፣ ጋደም ሲል እንደሚያፍነው፣ ቁጭ ብሎ እንደሚያነጋ ነገረችኝ። ውጤቱ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሲመጣ አሳውቅሻለሁ አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ጣቴን ማውሱ ላይ አደረግሁ። የጎማ ነጋዴው ሳቅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ዘጋሁት።

ሐሙስ ደግፋ አመጣችው። የሸሚዙ ኮሌታ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል፤ በአንድ እጁ ግድግዳ ይዟል። ያ ሳሎን የሚሞላ ድምፅ ሁለት ቃል ተናግሮ ያርፋል። ሐኪሟ አየችውና በሩን ገፋ አድርጋ ከልብ ሆስፒታል የመጣ ነገር እንዳለ ጠየቀችኝ። ከሌለ መድኃኒቱን ሳትቀይር ለሚቀጥለው ሳምንት ልትቀጥረው ነው። እህቴ አየችኝ። ያ የልጅነት ዓይኗ ነው፤ ትልልቆቹ ልጆች መንገድ ሲዘጉባት እኔን የምትፈልግበት።

"አለ። አሁን አያይዘዋለሁ" አልኩ።

አያያዝኩት። ግን ያ ጥቁር መስመር ከሰንጠረዡ አይለይም፣ ሐኪሟ ደግሞ ደጅ ሙሉ ሰው እየጠበቃት ነው። ዓይኗ ዘሎት ቢያልፍስ? ካርቶኑን ወለሉ ላይ ደፋሁት። ተንበርክኬ የስንቱን በሽታ ገለባበጥኩ። ወረቀቱን ሳገኘው ማሽኑን ወደ ቀለም ቀይሬ እንደገና አስገባሁት። ቀዩ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ እሱንም አያያዝኩ።

በመስታወቱ በኩል አየኋት። ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ከወንበሯ ተነሥታ ስልክ አነሳች። ወዲያው ተሽከርካሪ ወንበር መጣ፣ አምቡላንስ ተጠራ።

በመስኮቴ ፊት ሲያልፉ አማቼ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ይሰማል።

"ይሄ... የሚስቴ ወንድም ነው" አለ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ። "እሱ ባይኖር ወረቀቴ... ጠፍቶ ቀርቶ ነበር።"

ሰው ፊት እንዲህ እንዲለኝ ስንት ዘመን ተመኝቻለሁ። አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አሮጊት ይመርቁኝ ጀመር። እህቴ ግን ጠረጴዛዬ ላይ የተውኩትን ወረቀት ታያለች፤ ጥግ ላይ ያለውን፣ እኔው የመታሁትን ማህተም።

"መቼ ነው የመጣው፣ ወንድምዓለም?" አለችኝ ቀስ ብላ።

ባዶውን ካርቶን ታቅፌ በኋላው በር ወጣሁ።