ኩሽኔታው ይመስክር

ባልየውን ዘመድ ሁሉ «ካፒቴን» ይለዋል። መርከብ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ቅጽል ስሙን ለራሱ ያወጣው ራሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስነዳ አንድ ቀን እንኳ ፍሪሲዮን አላቃጠልኩም እያለ ይምላል፤ የሚሰማው ሰው ከጠፋም ለመስተዋቱ ይነግረዋል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ስለ እሷ የሚያወራው አንድ ወሬ ብቻ አለው። ከአሥር ዓመት በፊት ላስተምርሽ ብሎ መሪ ቢያስጨብጣት፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የግቢውን በር ገንድሳ ጣለችው። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ያ በር እንደገና ይወድቃል። የወሬው መዝጊያም ሁሌ አንድ ነው፤ «እሷ የምትችለው መኪና የስፌቱን ብቻ ነው።»

እሷም ከሰው እኩል ትስቃለች። ጥርስ ባዳ ነው። ልቧ ግን ነገሩን ቋጥሮ ኖረ፤ ዘንድሮ ለማንም ሳትናገር የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ተመዘገበች። የሚሰጧት ሰዓት አልበቃ ሲላት ደግሞ፣ ካፒቴኑ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ቁልፉን ከኪሱ እየመነተፈች ከሰፈሩ ጀርባ ባለው ዳገት ለብቻዋ ትለማመድ ጀመር። ፈተናው ሐሙስ ነው። ሐሳቧ መንጃ ፈቃዱን ዘመድ በተሰበሰበበት ዱብ ማድረግ ነው። ቀድሞ ከሰማ ግን ጉዷ ፈላ። ብታልፍ «ያስተማርኳት እኔ ነኝ» ሊል ነው፤ ብትወድቅ ከበሩ ቀጥሎ ሁለተኛ ወሬ ሊያገኝ ነው።

ሰኞ ጠዋት መኪናው ሞተሩ እየጮኸ አልሄድ አለ። መካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ አየና ፍሪሲዮኑ እንዳለቀ ነገራቸው። አሮጌውን የፍሪሲዮን ዲስክና ከሱ ጋር የሚሠራውን ኩሽኔታ በጋዜጣ ጠቅልሎ አስያዛቸው። «ለባለሱቁ አሳዩት፤ የዲስኩ ጥርስ በአንድ እንኳ ከበለጠ ወይ ካነሰ አይገጥምም» አለ። ካፒቴኑ «ያኔውኑ ፎርጅድ ገጥመውልኛል» እያለ የማያውቀውን ሰው ሲራገም አረፈደ። ሚስቱንም ይዟት ሄደ፤ ከሻጭ ጋር መከራከር ታውቅበታለች።

የመለዋወጫው ሱቅ ጠባብ ነው፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው ቺንጋ የገባውን ሁሉ ጭንቅላት ይነካል። ባለሱቁ መነጽራቸውን በሲባጎ ያሰሩ ሽማግሌ ናቸው። ጋዜጣውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉት።

«ዲስክ ብቻ ነው የምንፈልገው» አለ ካፒቴኑ። «ኩሽኔታው ደህና ነው።»

ሽማግሌው የዲስኩን ጥርስ በጥፍራቸው እየነኩ ቆጠሩ፣ ከዚያ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። «ይሄ በአገልግሎት አላለቀም፤ ተቃጥሎ ነው። የነዳው ጀማሪ ነው።»

«ጋሼ፣ ይቺን መኪና ከኔ በቀር የሚነካት የለም።»

«እንግዲያው አንተ ነሃ፣ ልጄ።»

የካፒቴኑ ፊት ቲማቲም መሰለ። ሚስትየው ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ግን አሳዘናት፤ አፏም ቀደማት።

«ምነው ጋሼ፣ ባላንስ ሲያዝ ትንሽ መሽተቱ ያለ አይደል?»

ባላንስ። ዳገት ላይ መኪናውን ወደ ኋላ ሳይንሸራተት በፍሪሲዮን ይዞ ማቆም ማለት ነው። የመንጃ ፈቃድ ተማሪ ሲበላም ሲተኛም የሚያስበው እሱን ነው፤ ልብስ ሰፊ አፍ ውስጥ ግን ምንም ሥራ የለውም።

ካፒቴኑ ቀስ ብሎ ዞረ። «ምን አልሽ?»

«ምንም አላልኩ።»

«የምን ባላንስ? ማን ነው ያስተማረሽ?» አለ። ከንፈሩ ጥግ ላይ ፈገግታ ብቅ አለ። ሁለተኛው ወሬ ዓይኗ እያየ ሲበስል ታወቃት።

ይሄኔ ሽማግሌው ኩሽኔታውን አንሥተው በጣታቸው አሽከረከሩት። ሲጢጥ አለ።

«ይሄኛው ደግሞ የጀማሪ ሥራ አይደለም» አሉ። «ኩሽኔታ እንዲህ ተበልቶ የሚያልቀው፣ ሰው ዓመት ከዓመት ግራ እግሩን ፍሪሲዮን ላይ አሳርፎ ሲነዳ ነው። የቆየ ሹፌር ልማድ ነው። ዲስኩን የገደለው ሌላ፣ ኩሽኔታውን የገደለው ሌላ።»

ፈገግታው ካፒቴኑ ፊት ላይ እንዳለ ደረቀ። ሚስትየው ግራ እግሩን አየችው። ይህን ሁሉ ዓመት ጎኑ ስትቀመጥ ያ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ አይታ አታውቅም።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለች፣ ለራሷ የምትናገር መስላ።

ካፒቴኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «በቃ፣ ሙሉ ኪቱን ከነኩሽኔታው ይስጡን።»

«ኦሪጅናሉን ነው?»

«ኦሪጅናሉን» አለች እሷ። የሚከራከር አልነበረም።

«አሮጌውን ልጣለው?»

«ኩሽኔታውን ለኔ ይጠቅልሉልኝ።»

«ምን ይሠራልሻል?» አለ ካፒቴኑ።

«ጨርቅ ስቆርጥ እንዳይሸሽብኝ እጭንበታለሁ።»

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ካፒቴኑ አልተኛም። ቁልፉን ራሱ አምጥቶ ሰጣትና ጎኗ ተቀመጠ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ «ቀስ ብለሽ ልቀቂ» አላት።

«አንተም ልቀቅ» አለችው። ፔዳል በሌለበት ወለል ላይ ግራ እግሩን ተጭኖ ነበር።

እሑድ ዘመድ ተሰበሰበ። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የካፒቴኑ ወንድም ሶፋው ላይ ተመቻቸና፣ «እስቲ ያቺን የበሩን ነገር አጫውተን» አለ።

ካፒቴኑ ወደ ቢፌው አየ። «የቱን በር?»

ወንድሙ ግራ ገብቶት ዓይኑን ተከትሎ ወደ ቢፌው ሄደ። ከብርጭቆዎቹ መሃል አዲሱን መንጃ ፈቃድ አንሥቶ ስሙን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከጎኑ የነበረውን ብረት ሲያሽከረክረው ሲጢጥ አለ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

«ያኛው የኔ መንጃ ፈቃድ ነው» አለች ሚስትየው። «ይሄ ደግሞ የሱ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም ጮክ ብሎ የሳቀው ካፒቴኑ ነው። ጥርስ ባዳ ነው።