የታንሲ የመጀመሪያ ጠመንጃ

በላረል ክሪክ ሸለቆ ለልጅ የመጀመሪያውን ጠመንጃ የሰጠ ሰው ትልቅ መብት አለው። መስከረም ላይ የአደን ወቅት በሚከፈትበት ቅዳሜ ልጁን ይዞ ጫካ የሚገባው እሱ ነው። ልጁ የሚጥላት የመጀመሪያዋ የዛፍ ሽኮኮ ጅራትም የምትቸነከረው በሱ ጎተራ በር ላይ ነው። ይህ የትም አልተጻፈም፤ የጣሰው ሰው ግን እስካሁን አልተሰማም።

ኦርቫል ስኪድሞር ከአባቱ በወረሰው ጎተራ በር ላይ ዘጠኝ ጅራቶች አሉ፤ የራሱ፣ የወንድሞቹ፣ የወንድሞቹ ልጆች። ከዘጠኙ ቀጥሎ አንድ ባዶ ምስማር አለ። ምስማሩን የመታው ልጁ ራስል ሰባት ዓመት የሞላው ቀን ነበር። ያን ቀን ኦርቫል ቸኩሎ ትልቁን የአጋዘን ማደኛ ጠመንጃ አስያዘው። ጠመንጃው ልጁን በጀርባው ጥሎ ከንፈሩን ሰነጠቀው። ኦርቫልም አንስቶ በማቀፍ ፈንታ፣ "ጥፋቱ ያንተ ነው፤ አጥብቀህ አልያዝከውም" አለው። ራስል ከዚያ ወዲህ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም። አሁን ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ያስተምራል። እሑድ እሑድ ይመጣል፣ ይበላል፣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ይሄዳል። ኦርቫል ምስማሩን ሊነቅል መዶሻ ይዞ ስንቴ እስከ በሩ እንደሄደና እንደተመለሰ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ስለዚህ የራስል ልጅ ታንሲ አሥር ዓመት ሞልቷት "እኔስ የራሴ ጠመንጃ የሚኖረኝ መቼ ነው?" ስትል፣ ኦርቫል ሰማይ የተከፈተለት መሰለው። ችግሩ ልጅቷ ሁለት ወንድ አያቶች ያሏት መሆኑ ነው።

ሁለተኛው አያት፣ የምራቱ አባት ድዋይት ላንትዝ ነው። ሁለቱ ሰዎች ከሠርጉ ቀን ጀምሮ አይጥና ድመት ናቸው፤ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት የተጣሉት የሠርጉ አሳማ ስንት ሰዓት መጠበስ አለበት በሚል ሲሆን፣ አሳማው ከተበላ በኋላም ክርክሩ አላለቀም። አሁን ግን በአንድ ነገር ተስማሙ። ለጀማሪ ልጅ ሃያ ሁለት ከሚሏት ጠመንጃ ሌላ አይታሰብም። ጥይቷ ከትንሽ ጣት ጫፍ የማትበልጥ፣ ትከሻ የማትገፋ፣ ልጅ የማታስደነግጥ ጠመንጃ ናት። የትኛዋ ሃያ ሁለት የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን ጦርነቱ ተጀመረ።

ኦርቫል የአባቱን አመጣ። በአንድ ጊዜ አንዲት ጥይት ብቻ የምትጎርስ፣ መቀርቀሪያዋ ከተዘጋ በኋላም ከኋላ ያለችውን እንቡጥ የመሰለች መሳቢያ በእጅ ካልሳቡ የማትተኩስ፣ ሰደፏ በሦስት ትውልድ ጉንጭ የለሰለሰ አሮጊት። ድዋይት ደግሞ አዲስ ገዛ። ካዝናው ዐሥር ጥይት የሚይዝ፣ ምላጩ በተሳበ ቁጥር ራሱን በራሱ የሚያጎርስ፣ ከላዩ ማነጣጠሪያ መነጽር የተገጠመለት።

"ይሄ የኖኅ ጠመንጃ ነው" አለ ድዋይት፣ በኦርቫል ወጥ ቤት እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ። "ከመርከቡ ሲወርድ የረሳው።"

"ያንተውስ? የስፌት መኪና! ልጅቷ ልትተኩስ ነው ወይስ ቀሚስ ልትሰፋ?"

"ልጅ መጀመሪያ ደስ ሊለው ይገባል።"

"ልጅ መጀመሪያ ማሰብ ይገባዋል። አንዲት ጥይት ብቻ ያለው ሰው ያስባል።"

"አንዲት ጥይት ብቻ ያለው ሰው ጦሙን ያድራል፣ ወንድሜ!"

"በቃችሁ!" አለች ቨርና። ቨርና የኦርቫል ሚስት ናት፤ ሠላሳ ዓመት የተማሪዎች አውቶቡስ ነድታ ጡረታ ስትወጣ የሸለቆውን ልጆች ተኩስ ማስተማር ጀመረች። ፊሽካዋ ከአንገቷ አይወርድም፤ ኦርቫል ተኝታም ትነፋዋለች ብሎ ያማታል። "ቅዳሜ ታንሲ በሁለቱም ትተኩሳለች። ዐሥር ዐሥር ጥይት። የምትመርጠው እሷ ናት። እስከዚያ ሁለቱም ጠመንጃዎች በኔ ቁም ሳጥን ውስጥ ይቆለፍባቸዋል፤ ሁለታችሁንም ስለማውቃችሁ ነው። ጠመንጃ ሲነካካ የያዝኩት ሰው ደግሞ እስከ ገና ድረስ ጠመንጃ ያለበት ቦታ ድርሽ አይልም።"

የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የሚንጠለጠለው ከዱቄቱ ቆርቆሮ ጀርባ ነበር። በዚያ ቤት አርባ አራት ዓመት የኖረ ሰው ይህን አላውቅም ቢል ማን ያምነዋል?

ረቡዕ ቨርና ለመዘምራን ልምምድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ፣ ኦርቫል ቁም ሳጥኑን ከፈተ። የድዋይትን ጠመንጃ መነጽር ማስተካከያ በጣቱ ይዞ ወደ አንድ ጎን አዞራት። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ስልሳ ጊዜ ቆጠረ፤ ሲያዞር ደግሞ መዝሙር ያፏጭ ነበር። ያፏጨው ቨርና በዚያው ሰዓት ቤተ ክርስቲያን የምትዘምረውን ነው። ከወጣትነቱ ወዲህ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አያውቅም።

ሐሙስ ድዋይት አንድ ሳህን ቲማቲም ይዞ መጣ። ይህ ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር፤ ድዋይት በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ወደዚያ ቤት ይዞ የገባው ነገር ቢኖር የጫማውን ጭቃ ነው። ሽንት ቤት ልግባ ብሎ በወጥ ቤቱ በኩል ገባና ሃያ ደቂቃ ቆየ። በረንዳ ላይ የተቀመጠው ኦርቫል፣ "ምስኪን፣ እርጅና ጫነው" ብሎ ከልቡ አዘነለት፤ ማታም ለቨርና ነገራት። ቲማቲሙንም ጨው ነስንሶ በላ።

ቅዳሜ ሰዉ ታጣፊ ወንበሩን እየያዘ ከእሳት አደጋ ጣቢያው ጀርባ ባለው ሜዳ ተሰበሰበ። ሃያ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ከአፈር ቁልሉ ፊት፣ ዐሥር የቆርቆሮ ክዳኖች በሳንቃ ላይ ተደርድረዋል። ራስልም መጥቷል፤ እጁን ኪሱ ከቶ ራቅ ብሎ አጥሩ ጋ ቆሟል። ታንሲ የጆሮ መሸፈኛዋን አድርጋ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኛች። ቨርና ፊሽካዋን ነፋች።

መጀመሪያ የድዋይት ነበር። ታ! አፈሩ ከክዳኑ በስተግራ ቦነነ። ታ! ታ! አሁንም ግራ። ልጅቷ ደንግጣ ፈጠነች፤ በፈጠነች ቁጥር ባሰ፤ ዐሥሩም ጥይት አለቀና አንዲት ክዳን እንኳ አልነቃነቀችም። ኦርቫል የጉንጩን ውስጥ ነክሶ ሳቁን ዋጠ። "ክሩ አለቀበት መሰለኝ" አለ ለድዋይት፣ በሹክሹክታ።

ከዚያ የኦርቫል ተራ ሆነ። አሮጊቷ የመጀመሪያዋን ጥይት ጎረሰች፤ ኦርቫል ወገቡን አቃንቶ ቆመ። ጠሽ! አፈሩ ከክዳኑ በስተቀኝ ቦነነ። ሁለተኛዋ ቀኝ። ሦስተኛዋም ቀኝ። በአምስተኛዋ ላይ ኦርቫል ገባው። ያቺ ጠመንጃ በኖረችበት ዘመን ሁሉ ዋሽታ አታውቅም። ጠጋ ብሎ ሲያይ ከአፈሙዟ ጫፍ ያለችው ማነጣጠሪያ አጠገብ አዲስ ጭረት በፀሐይ ብልጭ አለ። ድዋይት ደመና እንደሚመረምር ሰው ወደ ላይ ያንጋጥጣል። የሐሙሱ ቲማቲም ኦርቫል ጉሮሮ ላይ ተመልሶ መጣ። ጉድጓድ ስትምስ አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀው ይባል የለ።

"አንተ ሌባ!" ሊል አፉን ከፈተ። ግን ያን ጊዜ ታንሲን አያት።

ልጅቷ ዐሥረኛዋን ጥይት ጨርሳ፣ እንደተማረችው መቀርቀሪያውን ከፍታ ጠመንጃውን በወግ አስቀምጣ ነበር። የታችኛው ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ያንን ከንፈር ኦርቫል ያውቀዋል፤ የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲደማ አይቶታል።

"አልችልም፣ አያቴ" አለች። "በብርዱ ወራት ሁሉ በአየር በሚተኩሰው የልጆች ጠመንጃ ዒላማ እመታ ነበር። በእውነተኛው ግን አልችልም። እንደ አባዬ ነኝ።"

አጥሩ ጋ ራስል ሰማት። አንገቱን ደፍቶ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ።

ኦርቫል ዝም ቢል ማንም አያውቅም። እኩል ወጡ ተብሎ ሌላ ቀጠሮ ይያዛል፤ የጫካው ቅዳሜም ከእጁ አይወጣም። ከተናገረ ግን እስከ ገና ጠመንጃ የለም፣ ጫካ የለም፣ ታንሲ የለችም።

"ጥፋቱ ያንቺ አይደለም!" ብሎ ጮኸ። ሜዳው ሁሉ ዞረ። "የኔ ነው። የድዋይትን መነጽር እኔ ነኝ ያጣመምኩት። ረቡዕ ዕለት፣ ስልሳ ጊዜ፣ እያፏጨሁ!" ከዚያ ድምፁ ሰለለ። "ራስል፣ አትሂድ። ያኔም ቢሆን ጥፋቱ ያንተ አልነበረም። የሰባት ዓመት ልጅ ያን ጠመንጃ ማንሳት አይችልም። የኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ልነግርህ ፈርቼ ነው።"

ራስል ባለበት ቆመ፤ አልዞረም፣ ግን ቆመ።

ድዋይት ግን በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። "አላልኳችሁም! ሌባ! ሽማግሌ ቀጣፊ! እስከ ገና!"

"ድዋይት" አለች ቨርና፣ የአሮጊቷን ጠመንጃ ጫፍ በአውራ ጣቷ እየዳሰሰች። "ሐሙስ ዕለት ሽንት ቤቴ ውስጥ ሃያ ደቂቃ ምን ስትሠራ ነበር?"

ድዋይት እጁን ኪሱ ከተተ።

"ሆዴን አሞኝ..."

"ኪስህን አራግፍ።"

ከድዋይት ኪስ ውስጥ የጉንጭ ትምባሆ፣ የመኪና ቁልፍና አንዲት ትንሽ መዶሻ ወጡ። ከኋላ በኩል አንድ ሰው ከታጣፊ ወንበሩ ወደቀ፤ ሳቁ ግን ሁሉንም ነበር የጣላቸው። ታንሲም እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ሳቀች።

"ሁለታችሁም፣ እስከ ገና" አለች ቨርና።

በዚያችው መዶሻ ማነጣጠሪያዋን መልሳ አቀናች፤ መነጽሩንም ስልሳ ጊዜ ወደ ኋላ አዞረች። ታንሲ እንደገና ተኛች። በድዋይት ጠመንጃ አራት ክዳን ጣለች፤ በአሮጊቷ ሰባት።

"ይቺን ነው የምፈልገው" አለች አሮጊቷን እየነካች። "በዚያኛው የት እንደሳትኩ ሳላይ ጥይቱ ያልቅብኛል። አባባ ድዋይት፣ አይክፋህ፣ ሳድግ እሱን ትሰጠኛለህ።"

"አንቺ ስታድጊ የቅድመ አያቶች ዕቃ ይሆናል" አለ ድዋይት አኩርፎ።

"እሺ፣ ጫካ ማን ይወስደኛል ታዲያ?" አለች። ቨርና ወቅቱ በሚከፈትበት ቅዳሜ በሜዳው ሌሎች ልጆችን ታስተምራለች። ሁለቱ አያቶች ቅጣት ላይ ናቸው።

ራስል ከአጥሩ መጥቶ ጠመንጃዋን ቁልቁል አያት። ለረጅም ጊዜ አልነካትም።

"ትራገጣለች?" አለ አባቱን ሳያይ።

"አትራገጥም" አለ ኦርቫል። "እመነኝ። ባታምነኝ ደግሞ አልፈርድብህም።"

ወቅቱ በተከፈተበት ቅዳሜ ማለዳ ሁለቱ ሽማግሌዎች ከጫካው ግርጌ፣ መንገድ ዳር፣ በኦርቫል አሮጌ መኪና ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ቨርና እስከዚያ ፈቅዳላቸዋለች፤ ከመኪናው ከወረዱ ግን ወዮላቸው። ድዋይት የቲማቲም ሳንድዊች አወጣ።

"ውስጡ ምን አደረግክበት?" አለ ኦርቫል።

"ብላ እንጂ!"

ከላይ፣ ከዛፎቹ መሃል፣ አንዲት ጠሽ! ተሰማች። ሁለቱም ማኘክ አቆሙ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለተኛዋ መጣች።

"ሳተች" አለ ድዋይት።

"አይደለም። ይሄ ሌላ ሰው ነው፤ በጣም ቆየ" አለ ኦርቫል።

ፀሐይ ከፍ ስትል ወረዱ። ታንሲ ከፊት፣ አንዲት የዛፍ ሽኮኮ በጅራቷ አንጠልጥላ፤ ራስል ከኋላዋ፣ መቀርቀሪያው የተከፈተውን ጠመንጃ እንደ ቫዮሊን ተጠንቅቆ ይዞ። መስኮቱ ጋ ደርሶ ጎንበስ አለ።

"ሳትኩ፣ አባባ" አለ። ፊቱ ላይ የልጅነት ፈገግታው ነበር። "የዛሬው ግን ጥፋቱ የኔ ነው።"

ኦርቫል በመስኮቱ የልጁን እጅ ይዞ ቆየ፤ እንባውን ጠርጎ ወደ ታንሲ ዞረና፣ "ነይ፣ ጅራቷን እንስቀላት። ሠላሳ ሁለት ዓመት የጠበቀ ምስማር አለኝ" አላት።

"ያ ምስማር የአባዬ ነው" አለች ታንሲ። "ለኔ ሌላ ምታልኝ።"

"መዶሻ እኔ አለኝ" አለ ድዋይት።

"አውቃለሁ" አለ ኦርቫል።